ጉማሬው እኔ ነበርሁ

ባሕር ዳር ውስጥ የጉማሬ ሥዕል የለጠፈ ባጃጅ ካያችሁ ያ ሥዕል የኔ ፊት ነው። ሌላ ፊት የለኝም ማለቴ አይደለም፤ አለኝ፣ ግን ማንም አያውቀውም። ስድስት ዓመት ሙሉ "ደንገል" በሚባለው የሮክ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር የተጫወትሁት እኔ ነኝ፣ ፍሬ ስብሐት ወልደ ጻድቅ። ይህን ስጽፍ የሚያምነኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም እጽፈዋለሁ፤ ዝም ብዬ ያተረፍሁት የጨጓራ በሽታ ብቻ ነው።

መቼም ሮክን ለባሕር ዳር ሰው ማስወደድ ቀላል ሥራ አይደለም። መጀመሪያ የተጫወትነው አንድ ሠርግ ላይ ነበር። ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ የሙሽራው አጎት ጠጋ ብለው፣ "ልጆች፣ ማሽኑ ተበላሽቶ ከሆነ አጥፉትና ይጠገን፤ አትጨነቁ" አሉን። ሲያፌዙብን አይደለም፤ ከልባቸው አዝነውልን ነው። ያን ዕለት ዕቃችንን ስንጭን ማንም ማንንም አላየም።

ቲያትሩን ያመጣው ይትባረክ ነው። ይትባረክ ዘፋኛችን ነው፤ አባቱ ከናዝሬት መጥተው እዚህ ፋብሪካ ውስጥ መሐንዲስ የነበሩ፣ ልጃቸው መድረክ ላይ ሲወጣ ከፊት ተቀምጠው የሚያጨበጭቡ ሰው ናቸው። "ለጆሯቸው ካልጣምን ለዓይናቸው እንጣም" አለ። እንዲህም አደረግን፦ መድረኩ ላይ የደንገል ታንኳ ይቀመጣል። ይትባረክ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ታንኳው ላይ ቆሞ ይዘፍናል። አዘዘ ከኋላ ሆኖ ድራሙን ነጎድጓድ እስኪመስል ይደበድባል። በመጨረሻው ዘፈን ላይ ጉማሬው ጊታሩን ይዞ ከታንኳው ጀርባ ይነሣል፣ ታንኳውን ይገለብጣል፣ ዓሣ አጥማጁ ይሰምጣል። ከዚያ ጉማሬው ብቻውን ቆሞ ይጫወታል። ሕዝቡ በዚህ አበደ። ሮክ ይሁን ሌላ ግድ አልነበረውም፤ ታንኳው እስኪገለበጥ ነበር የሚጠብቀው።

ጭንብሉን የሠራልን አምባቸው የሚባል፣ ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠራ ሰው ነው። ደንገሉን አድርቆ፣ እየቆለመመ፣ ታንኳ በሚያስርበት አስተሳሰር አጥብቆ አሰረልን። ሁለት መተንፈሻና ሁለት ማያ ቀዳዳ አለው። ውስጡ የሐይቅ ጭቃ ይሸታል፣ ጆሮ ያሳክካል፣ ላብ ሲጠጣ ደግሞ ይከብድና አንገት ይቆርጣል። ሰው ግን ከውጭ ሲያየው ይወደዋል።

ጉማሬው ለምን እኔ ሆንሁ? ጭንብል የሚያስፈልገኝ እኔ ብቻ ስለነበርሁ ነው። አባቴ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ከከተማው ወጣ ብሎ በሰባታሚት በኩል ባለች ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም መምህር ናቸው። መቋሚያ ይዞ፣ በከበሮና በጽናጽል ማሕሌት መቆምን ያስተምራሉ። ከተማሪዎቻቸው ጋር ስላደግሁ እኔም እንደነሱ "የኔታ" ነው የምላቸው፤ አባባ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም። በቤታችን "ዘፈን ኃጢአት ነው" ተብሎ ተነግሮኝ አያውቅም። መንገርም አያስፈልግም ነበር። ከጎረቤት ዘፈን ሲሰማ የኔታ ዞር ብለው ያያሉ፤ የሚያዩት ግን ጎረቤቱን ሳይሆን እኔን ነው። ስለዚህ ለሳቸው እኔ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነበርሁ፣ እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ኮምፒዩተር ሳልጠግን።

"ፊቴ አይታይም፣ ስሜም አይጻፍም" ብዬ ባንዱን ቃል ያስገባሁት እኔው ነኝ። ይትባረክ ሳቀ።

"ፍሬ፣ አንተ ለጭንብል ነው የተፈጠርከው" አለኝ። እኔም እንደ ሙገሳ ወሰድሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጉማሬ መድረክ ላይ እንዴት ነው የሚንቀሳቀሰው? ይትባረክ ሊያሳየኝ ሞከረ፤ ከመሸታ ቤት የወጣ ሰው ነው የመሰለኝ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ በተከራየናት ክፍል ውስጥ፣ ሳላስበው ጊታሩን እንደ መቋሚያ ይዤ ዝማሜ ውስጥ ገባሁ። ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ፣ የጊታሩን አንገት ከፍ፣ ከዚያ ዝቅ። የኔታ መቋሚያቸውን ከማውረዳቸው በፊት አየር ላይ ጥቂት ያቆዩታል። በዚያች ቆይታ ነው ተማሪዎቻቸው የሚታወቁት፤ ሌላ ደብር ሄደው ሲቆሙ፣ "የመሪጌታ ወልደ ጻድቅ ተማሪ ነህ?" ይባላሉ። ያቺን ቆይታ ወስጄ ጊታሩ ላይ አደረግኋት። ድምፁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ሕዝቡ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ድምፁ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ነው ባጃጆቹ ጉማሬውን መለጠፍ የጀመሩት። ልጆች በየሰፈሩ ዱላ ይዘው ግራና ቀኝ ይሉ ጀመር። አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይትባረክን ይህ ነገር ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቀው፣ "ከሐይቁ ነው የተማርነው" ብሎ መለሰ። ከሐይቁ! ሐይቁ ማሕሌት የቆመበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። እኔ ግን ያኔም ዝም አልሁ፤ ማን ሆኜ ልናገር?

ዝናው ሲመጣ ችግሩም አብሮ መጣ። ለባንድ ትልቁ ሥራ ያለው በበዓል ሰሞን ነው፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ እኔ ከየኔታ ጎን መቋሚያ ይዤ ካልታየሁ ሞቻለሁ ማለት ነው። ሌላ ሙዚቀኛ በጥምቀት ይሠራል፣ በጾም ያርፋል። የኔ በዓልም ጾምም የየኔታ ነበር። ስለዚህ ምትክ ፈለግን፣ ቃለ ሕይወትንም አገኘን። የመራዊ ልጅ ነው፣ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሠርግ ላይ ጊታር እየመታ ይኖር የነበረ። ያሠለጠንሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

"ጋሼ ፍሬ፣ እዚህ ጋ ስንት ልቁጠር?" ይለኛል ቆይታዋ ላይ ሲደርስ።

"አትቁጠር። መውረድ እስክትፈልግ ቆይ፤ ከዚያ ጥቂት ጨምር።"

ልጁ ዓይኑን ይጨፍንና ይሞክራል። በሁለት ወር ውስጥ ያዛት። የኔታ ዘንድ አሥር ዓመት ተቀምጠው ያልያዟት ተማሪዎች አሉ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ እንደ መምህር ደስ አለኝ። ጥምቀት ሲመጣ እኔ ነጠላ አጣፍቼ ከየኔታ ጎን ቆምሁ፣ ጉማሬው ደግሞ ሐይቁ ዳር ታንኳ ገለበጠ። ማንም አልጠረጠረኝም። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

አምና ፍልሰታን ሱባኤ ይዤ ከየኔታ ጋር ከረምሁ። ጾሙ ሲፈታ ወደ ልምምድ ክፍላችን ሄድሁ። ጭንብሉን አንሥቼ ላጠልቀው ስል አልገባ አለኝ። ውስጡ ዙሪያውን አዲስ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል፤ ለኔ ጭንቅላት ጠቦኛል።

"ይህ ምንድን ነው?" አልሁት ይትባረክን።

"ቃልዬ ጭንቅላቱ ትንሽ ናት፤ እየዞረበት ተቸገረ።"

"እኔስ?"

ይትባረክ ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። አዘዘ የድራሙን ቆዳ የሚወጥር መስሎ አቀረቀረ። ቃለ ሕይወት ወጥቶ ሄደ።

"ፍሬ፣ በናትህ እንነጋገር። አንተ ጾም አለብህ፣ ማሕሌት አለብህ፣ የኔታ አሉብህ። አዲስ አበባ ሲጠሩን 'አባቴን ምን እላቸዋለሁ' ብለህ አስቀረኸን። ሐዋሳም እንደዚያው። እኔ ዕድሜዬ እየሄደ ነው። እስከመቼ ልጠብቅህ?"

"ጉማሬው እኮ እኔ ነኝ።"

"ጉማሬው ጭንብሉ ነው" አለ፣ ድምፁን ሳያነሣ። "በጥምቀት ቀረህ፣ በመስቀል ቀረህ፣ በፋሲካ ቀረህ። አንድ ሰው መጥቶ 'ጉማሬው ተቀይሯል' ብሎኛል? አንድ ሰው?"

ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ይሻለኝ ነበር። የሚያቃጥለኝ እውነቱን መሆኑ ነው። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት። ጊታሬን ተሸክሜ ስወጣ ቃለ ሕይወት በር ላይ ቆሞ ነበር። "ጋሼ ፍሬ፣ እኔ አልጠየቅሁም" አለኝ። አውቃለሁ አልሁት። አልጠየቀም፤ ተሰጠው።

ወር ያህል ከቤት ዋልሁ። አንድ እሑድ ግን አልቻልሁም። ከተማው በጸጥታው ችግር በጊዜ መግባት ከጀመረ ወዲህ ዝግጅት ሁሉ በቀን ሆኗል፤ ባንዱ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ መዝናኛ እንደሚጫወት ሰማሁና ሄድሁ። ምን ላደርግ እንዳሰብሁ አላውቅም። ዘልዬ መድረክ ላይ ልወጣ፣ ጭንብሉን ልገፍፍ፣ ብቻ የሆነ ነገር። በሩ ላይ ዘበኛው ትኬት ጠየቀኝ።

"እኔ የባንዱ ነኝ። ጉማሬው እኔ ነኝ" አልሁት።

ዘበኛው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ሰካራም እንዳልሆንሁ ሲያረጋግጥ ሳቀ።

"ጉማሬ ከሆንህስ ሐይቁ በዚያ በኩል ነው፤ ግባ" አለኝ። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩትም ሳቁ።

አጥሩን ተደግፌ ከውጭ ሰማሁት። ቃለ ሕይወት አንድ ቦታ ቢስት ዕልል ልል ነበር። አልሳተም። ሕዝቡ "ጉማሬ! ጉማሬ!" ሲል ቀናሁ፤ ቅናት ነው፣ ሌላ ስም አላወጣለትም።

በማግሥቱ አዘዘ ቤቴ መጣ። ከባንዱ ሁሉ ያሳዘንሁት እሱን ሳይሆን አይቀርም።

"በስውር አይሆንም ፍሬ" አለኝ። "አጥር ተደግፈህ መዋል ምን ያደርግልሃል? ጭንብል የሌለበት ቪዲዮ እንሥራ። ጊታርህን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ እኔ አጠገብህ ሆኜ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጉማሬው ይሄ ነው ብዬ እመሰክራለሁ። ይትባረክ ፊቴን እያየ ውሸት ነው አይልም። ግን በፊትህና በስምህ መሆን አለበት።"

በስሜ ማለት በአባቴም ስም ማለት ነው። ቪዲዮው በተለቀቀ ማግሥት አንዱ የቆሎ ተማሪ በስልኩ ይዞት የኔታ ፊት ይቀርባል። ስለዚህ ከኔው አፍ ቀድመው መስማት ነበረባቸው። ቢቆጡም ይቆጡ፣ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ አልሁ። ያቺን ቃል ለሳቸው ከተነፈስሁ በኋላ የሚያስፈራኝ ነገር አይኖርም፤ የማያስፈራኝ ከሆነ ደግሞ ጉማሬው ተመልሶ የኔ ነው። አዘዘን "ሳምንት ጠብቀኝ" አልሁትና ሸኘሁት።

የኔታን ያገኘኋቸው ከትምህርት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ከተበተኑ ወዲያ ነው። ከጎጇቸው ደጃፍ መደቡ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ቅባት ያሻሉ። ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል፤ ዕድሜ ልክ መቆም ያመጣው ነው።

"የኔታ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት።"

"አውቄዋለሁ። ተቀመጥ።"

ተቀመጥሁ። ምን እንዳወቁ እኔ አላወቅሁም።

"ባለፈው እሑድ ከደሴቱ ገዳም ስንመለስ ጀልባዋ ሐይቁ ዳር አወረደችን" አሉ፣ እጃቸውን እየጠረጉ። "ጉልበቴ እምቢ ቢለኝ የሺአረግ ከአንድ ዋርካ ሥር አስቀመጠችኝ። ከአጥሩ ወዲያ ያ ሁሉ ሕዝብ ይጮሃል። ድምፁ ጆሮዬን ቢያመኝ እንሂድ አልኋት። ቀና ብል አንድ የደንገል አውሬ መድረክ ላይ ግራና ቀኝ ይላል። ዝማሜው የኔ ነው። መቋሚያዬን አየር ላይ የማቆያት ነገር ሳትቀር። 'ይህ ማነው?' አልሁ። እኅትህ አለቀሰች። 'ፍሬ ነው' አለችኝ።"

የሺአረግ ታናሽ እኅቴ ናት። ከቤታችን ስለ ባንዱ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። መባረሬን ግን ለሷም አልነገርኋት፤ አፍሬ ነው። እኔ አጥሩን በአንድ በኩል ተደግፌ ስቃጠል፣ አባቴ በሌላው በኩል ተቀምጠው ያዩ ነበር።

የኔታ የቅባቱን ዕቃ ከደኑ። ርግማኑን ጠበቅሁ።

"ተቆጣሁ፤ አልዋሽህም። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከቤቴ የወጣ ዝማሜ በዚያ ቦታ! ግን ያ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ሲነጋ እኅትህን 'በስልክሽ አለ ወይ?' አልኋት። ካቻምና የተነሣ ነው ብላ አንዱን አሳየችኝ። እሱ ደስ አላለኝም።"

"ለምን የኔታ?"

"ትፈራለህ። እጅህ ይቸኩላል። ከቆይታዋ ላይ ስትደርስ ሰው መጣብኝ አልመጣብኝ እያለ እንደሚሰርቅ ሰው ነህ። የእሑዱ ግን ሌላ ነው፣ ልጄ። የእሑዱ ዐርፎ ነው የሚቆመው። መውረድ ፈልጎ፣ ጥቂት ጨምሮ ነው የሚወርደው። እኔ አርባ ዓመት ሳስተምር ያንን በቃል ለማንም መንገር አልሆነልኝም። አንተ ከየት አገኘኸው?"

"ያ እኔ አይደለሁም" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ሦስት ቃል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ካቻምና የተነሣው እኔ ነኝ፤ የሚፈራው፣ የሚቸኩለው፣ የሚሰርቀው እኔ ነኝ። በዚህ አገር ከሳቸው ጆሮ የሚበልጥ ጆሮ የለም፤ ያ ጆሮ ደግሞ ሁለታችንን ሰምቶ መርጧል። ይትባረክ ልዩነቱን ማንም አያውቅም ብሎኝ ነበር። አንድ ሰው ዐወቀ፣ አባቴ።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ስጨርስ እንኳ እንደዚያ አድርገውልኝ አያውቁም።

"እግዚአብሔር እጅህን ይባርክ። ከእንግዲህ ወዲህ እኔን ብለህ አትደበቅ። ለሥራህ ከሆነ ሸፍን፤ ለኔ ብለህ ግን አትሸፍን። ደግሞ ቀኑን ንገረኝ። ከዋርካ ሥር ሳይሆን ከፊት ተቀምጬ ልየው።"

ጉልበታቸውን ሳምሁ። "እሺ የኔታ" አልሁ።

ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ፈቃድ ይህ ነበር። በመጣበት ሰዓት ጭንብሉ በሌላ ሰው ልክ ተሰፍቷል። እውነቱን ብናገር ምርቃቱን አጣለሁ፤ ዝም ብል ምርቃቱ የቃለ ሕይወት ነው። ጉማሬነቴን ባስመልስ ደግሞ፣ የእሑዱ ጉማሬ እኔ አለመሆኔን የኔታ ስጫወት ሲሰሙኝ ያውቁታል። በየትም በኩል ብዞረው መውጫ አላገኘሁለትም። አዘዘ ሲደውል "ተወው" አልሁት። ምክንያቱን ቢጠይቀኝ ስልኩን ዘጋሁበት።

የኔታ ግን አልረሱም። በየቀኑ "መቼ ነው?" ይሉኛል። ሁለት ጊዜ ተሰረዘ ብዬ ዋሸሁ። በሦስተኛው የሺአረግ ማስታወቂያውን ከግድግዳ ላይ አንብባ መጣች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ወሰድኋቸው። ጥምጣማቸውን አሣምረው አስረዋል፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል። ትኬት ገዝቼ ከፊት ረድፍ አስቀመጥኋቸው፤ የሺአረግ ከጎናቸው ተቀመጠች። ወጣቶቹ ካህን ሲያዩ መንገድ ለቀቁ፣ አንዳንዱ ሲጋራውን ደበቀ።

"ሂድ እንጂ፣ ይጠብቁሃል" አሉኝ የኔታ።

ሄድሁ። ወደ መድረኩ ጀርባ ዞሬ ከጄኔሬተሩ ወዲያ ተቀመጥሁ። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። ቃለ ሕይወት ጭንብሉን ሊያጠልቅ ሲል አየኝና ቆመ፤ በእጄ ቀጥል አልሁት። ታንኳው ተገለበጠ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ቆይታዋ መጣች። በሸራው ቀዳዳ አሾልኬ አየሁ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። መቋሚያቸው ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ አብሮ ቆየ፣ ድምፁ ሲወርድ አብሮ ወረደ።

ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ የያዝሁትን የሃይላንድ ውሃ ከፍቼ ፊቴንና አንገቴን አራስሁ፣ በሸሚዜም ላይ አፈሰስሁ፣ ላብ እንዲመስል። ወደ አባቴም ሄድሁ።

አንገቴን አቅፈው አገላብጠው ሳሙኝ። በነጠላቸው ጫፍ ግንባሬን ጠረጉልኝ።

"ደክሞሃል" አሉኝ።

"አዎ የኔታ፣ ደክሞኛል" አልሁ።